ከአባታችን ጎን ለቆማችሁ ሁሉ የቀረበ የምስጋና መልእክት

አባታችን ከረጅም ሕመም በኋላ ማረፋቸውን ሰምታችሁ ከሩቅም ከቅርብም ለደረሳችሁልን፣ በስልክም ላጽናናችሁን ወገኖች ሁሉ ቤተሰባችን ከልብ የመነጨ ምስጋናውን ያቀርባል። ጥር 26 ቀን 1969 ዓ.ም. በታላቁ ቤተ መንግሥት ጥበቃ ላይ ሳሉ ያዩትን አብዛኞቻችሁ ታውቁታላችሁ። ብርጋዴር ጄኔራል ተፈሪ በንቲ፣ ሻምበል ሞገስ ወልደ ሚካኤል፣ ሻምበል ዓለማየሁ ኃይሌና ሌሎችም የደርግ አባላት ስለተገደሉባት ስለዚያች ዕለት አባታችን ለእኛ ለልጆቻቸው አንድም ቀን ቁጭ ብለው አላወጉንም፤ እኛ ያደግነው ሌሊት በድንጋጤ ሲባንኑ እየሰማን፣ የብረት በር በኃይል ሲዘጋ ፊታቸው ሲለዋወጥ እያየን ነው።

ከሁሉ አስቀድመን የምናመሰግነው፣ ስማቸው እንዳይጠራ አጥብቀው ስለለመኑን «ሃምሳ አለቃ» ብቻ የምንላቸውን የጦር ጓደኛቸውን ነው። በ1983 ዓ.ም. ሠራዊቱ ተበትኖ አባታችን ያለ ሥራና ያለ ጡረታ ሲቀሩ፣ ዋስ ሆነው የመጋዘን ጥበቃ ያስቀጠሯቸው እሳቸው ናቸው። በኋላም የደርግ ባለሥልጣናት ችሎት ዜና በሬድዮ ሲጀምር አባታችን ጫማቸውን እንኳ በቅጡ ሳያጠልቁ ከቤት ይወጡ ነበር፤ ሃምሳ አለቃም ተከትለዋቸው፣ ምንም ሳይጠይቁ አብረው ሲዞሩ አምሽተው ይመልሷቸው ነበር። በ1999 ዓ.ም. ኮሎኔል መንግሥቱ ኃይለ ማርያም በሌሉበት ጥፋተኛ ሲባሉ፣ ጎረቤቱ እንኳን ደስ አላችሁ ሊለን መጣ፤ ሰው ምን ያድርግ፣ የሚያስደስተን መስሎት ነው። ሃምሳ አለቃ ግን የዳማ ገበታቸውን ይዘው መጡና ከአባታችን ጋር እስኪመሽ ተጫወቱ።

ጋሼ፣ አንዳንዱ ሰው ያዩትን ይመስክሩ እያለ፣ አንዳንዱም ይርሱት እያለ ሲያስጨንቃቸው፣ እርስዎ አንዱንም አላሏቸውም። በመጨረሻዎቹ ወራት እኛን ልጆቻቸውን መለየት ሲሳናቸው እንኳ የእርስዎን ድምፅ ሲሰሙ ይረጋጉ ነበር፤ ይህን ስንጽፍ አሁንም እንባ ይቀድመናል። እግዚአብሔር ዕድሜዎን ያርዝምልን።

ያከሟቸውን ሐኪሞችና ነርሶች፣ የንስሐ አባታቸውን፣ የእድራችንንና የሰንበቴውን አባላት፣ ድንኳን ተክላችሁ ሌሊቱን ያደራችሁ የሰፈራችን ወጣቶች፣ በውጭ አገር ያላችሁ ዘመዶቻችን፣ ውለታችሁን ፈጣሪ ይክፈላችሁ። ስማችሁን ለይተን ያልጠቀስናችሁ ብዙዎች ናችሁና ሐዘን ላይ መሆናችንን ተረድታችሁ ይቅርታ አድርጉልን። የአርባ ቀን መታሰቢያቸውን ቀንና ቦታ በእድሩ በኩል እናሳውቃለን።

ልጆቻቸውና መላው ቤተሰብ