እናትሽ የተኛችበት ሁለት ሌሊት

ልጄ፣ የኔ ዓለም፣

አሰላሙ አለይኪ። እንዴት ሰነበትሽ? ወገብሽን ያምሽ የነበረው ተሻለሽ? እኛ አልሐምዱ ሊላህ ደህና ነን። ጎረቤቱም ሁሉ ደህና ነው። ደሴ እንደምታውቂያት ናት። ጥቅምት ገብቶ የጦሳ ተራራ ብርድ ጠዋት ጠዋት ጆሮ ይቆርጣል።

ይሄን በስልክ ልነግርሽ ጀምሬ ነበር። እናትሽ ስልኩን ተቀበለችኝና ወሬው ወደ ሌላ ሄደ። ከዚያ ኔትወርኩ ተቆረጠ። ስለዚህ ጻፍኩት። ወንድምሽ ፎቶ አንስቶ በኢሞ ይልክልሻል። ሥራሽን ጨርሰሽ፣ ክፍልሽ ገብተሽ፣ ቀስ ብለሽ አንብቢው።

ነገሩ በመስከረም የላክሽው ገንዘብ ነው። «ቴሌቪዥኑን ቀይሩበት» ብለሽ ነበር። ቴሌቪዥኑ አልተቀየረም። በገንዘቡ እናትሽን ይዣት ሄድኩ። ሚሌ ወንዝ ዳር አንዲት ትንሽ የእንግዳ ማረፊያ ውስጥ ሁለት ሌሊት አደርን። ሳላማክርሽ ያደረግኩት ነገር ነው። ገንዘቡ የላብሽ ነውና በምን ላይ እንደዋለ ልትሰሚው ይገባል።

ከሐይቅ ከተማ አልፈሽ ወደ ውጫሌ ስትሄጂ ሚሌን የምትሻገሪበት ድልድይ አለ። እኔ ያንን ድልድይ ስንት ጊዜ እንደተሻገርኩት ፈጣሪ ይወቀው። መጀመሪያ በኤንትሬ የጭነት መኪና፣ ኋላም በተሳቢ፣ ወደ ወልድያ ወደ መቀሌ ጭኜ ስሄድ ስመለስ። አንድም ቀን ቆሜ ውሃውን ሰምቼው አላውቅም። ሞተር እየጮኸ ማን ወንዝ ይሰማል? የቆምኩ እንደሆነ ለራዲያተር ነው። ረዳቱ ጀሪካን ይዞ ይወርዳል፣ ቀድቶ ይመለሳል፣ እኛም እንሄዳለን።

እኔ ሚሌን አውቀው የነበረው ታች ነው፣ በአሰብ መስመር። ከኮምቦልቻ ወደ ባቲ ትታጠፊያለሽ። ከባቲ ቁልቁል ወደ አፋር በረሃ ትወርጃለሽ። ሚሌ ከተማ ደርሰሽ የመኪናውን በር ስትከፍቺ ሙቀቱ እንደ ምድጃ ፊትሽን ይልሰዋል። በ1990 ጦርነቱ ተነስቶ የአሰብ መንገድ እስኪዘጋ ድረስ በዚያ ተመላልሻለሁ። ከዚያ በኋላም የጅቡቲ ጭነት በሚሌ በኩል ነበር። ጎማው እንዳይፈነዳ ፀሐይ እስክትበርድ ጥላ ስር እንጠብቃለን። ሚሌ ማለት ለኔ ያ ነበር፤ ላብ፣ ኬላ፣ ደለል ያደፈረሰው ውሃ። ያ ውሃ ከኛው አገር፣ ከተሁለደሬ ተራራ እንደሚነሳ አውቅ ነበር። ማወቅ ሌላ፣ ቁጭ ብሎ ማየት ሌላ ነው።

ዓርብ ጁምዓ ሰግደን ከመናኸሪያ ተሳፈርን። መንገዱ ሰላም መሆኑን የድሮ ሹፌር ጓደኞቼን አስቀድሜ ጠይቄያለሁ፣ አታስቢ።

እናትሽን ታውቂያታለሽ። እንግዳ ስታስተናግድ እንጂ እንግዳ ስትሆን አይቻት አላውቅም። ሠርግ ብትጠራ ጓዳ ነች። ለቅሶ ብትሄድ ጓዳ ነች። አልጋ ይዤልሻለሁ ስላት «ምን ልሠራ?» ነው ያለችኝ። ምንም አትሠሪም አልኳት። ገባኝ አላለችም። ስንወጣ ቡናውን ቆልታ፣ ወቅጣ፣ ጀበናዋን ሳይቀር በነጠላ ጠቅልላ ይዛለች። ዝም አልኳት።

ማረፊያው ስድስት ክፍል ነው። ግድግዳው የድንጋይ ካብ፣ ጣሪያው ቆርቆሮ። ከፊቱ በረንዳ አለው፣ በረንዳው ላይ የጠፍር አልጋ ተዘርግቷል። ከበረንዳው ሃያ እርምጃ ብትወርጂ ወንዙ ነው። አንድ ትልቅ ሾላ ውሃው ላይ አዘንብሏል። ክረምቱ ከወጣ ወዲህ ውሃው ጠርቶ ድንጋዩ ይቆጠራል። የቤቱ እመቤት መበለት ናት። በ2014ቱ ጦርነት ፍራሹ፣ ብርድ ልብሱ፣ የበሩ ቁልፍ እንኳ ሳይቀር ተወስዶባት ነበር። አንድ አንድ እያለች መልሳ ሞላችው። ይሄን የነገረችን እያማረረች አይደለም። ቁልፉን ስትሰጠን «ይቺ አዲስ ናት» ብላ ነው።

መቼም በጥቅምት አንድ አጥንት ይባላል። ያን ቀን ማታ ዶሮ ሠራችልን። እሷ ክርስቲያን ናት፣ ዓርብም ስለሆነ ጾም ላይ ናት። እኔ ምንም ሳልጠይቃት ከማዶ ያለ የእስላም ልጅ አስጠርታ አሳረደች። ድስቱንም «ይሄ የእናንተ ነው፣ ለብቻው ነው የማስቀምጠው» ብላ ካላይ መደርደሪያ አወረደችው። ጨውን ሳትቀምስ ሠራችው። ልጄ፣ ልክ ነበር። ለራሷ ሽሮዋን ይዛ መጥታ አጠገባችን ተቀምጣ በላች። እንዲህ ነው አገርሽ። በዚህ በኩል የሚወራው ክፉ ክፉው ብቻ ሆኖ ጆሮሽ እንዳይለምደው ብዬ ነው በደንብ የጻፍኩልሽ።

መብራት ጠፍቶ ስለነበር በፋኖስ ነው ያመሸነው። እመቤቲቱ ባትሪ ድንጋይ የሚበላ ሬዲዮ አላት። በአምባሰል ቅኝት የተዘፈነ አንድ ዘፈን አሰማ። እዚያው አምባሰል ደጃፍ ላይ ሆነሽ አምባሰልን ስትሰሚ ሆድ ይብሳል። እናትሽ ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳበች። እኔም ወደ ወንዙ ዞርኩ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ።

ሌሊት ብድግ ብላ ስትቀመጥ ነቃሁ። «ዝናብ መጣ» አለች። እግሯ መሬት ነክቷል፣ በጨለማ ጫማዋን ትፈልጋለች። «ውጭ የተሰጣ ልብስ አለ» አለችኝ። የት እንዳለች ረስታዋለች። ወንዙ ነው፣ ዝናብ አይደለም፣ ልብስም የለም አልኳት። ትንሽ ዝም ብላ አዳመጠች። «ወንዙ ነው?» አለች። አዎ አልኳት። ከዚያ ጋደም አለች። ስንቱን ዓመት እንዲህ ብድግ እያለች እንደኖረች ያን ሌሊት ነው የገባኝ። እኔ መንገድ ላይ ነበርኩ። ክረምት ሲመጣ የጣሪያው ፍሳሽ ስር ባልዲ የምታስቀምጠው፣ የናንተን ዩኒፎርም ከገመድ ላይ የምትሰበስበው እሷ ናት። ከየጭነቱ ስመለስ ቤቱን ደረቅ ሆኖ አገኘዋለሁ። እንዴት ደረቀ ብዬ ጠይቄ አላውቅም።

ሱብሂ ላይ ወንዙ ወርጄ ውዱእ አደረግኩ። ውሃው ክርን ላይ ሲደርስ አጥንት ይነካል። ተመልሼ አብረን ሰገድን። ከዚያ እናትሽ ያላደረገችውን አደረገች። ተመልሳ ተኛች። ባናውን እስከ አገጯ ሳበችና ወደ ግድግዳው ዞረች። ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ድረስ ተኛች! እኔ በረንዳው ላይ ቁጭ ብዬ ሰው እንዳይቀሰቅሳት እጠብቃለሁ። ፊቷን በመስኮቱ አየሁት። የግንባሯ መሐል የምታውቂያት ያቺ ሁለት መስመር የለችም።

ስትነሳ ግን አልጋውን አነጠፈች። አንሶላውን ጎትታ፣ በመዳፏ ደልድላ፣ ብርድ ልብሱን አራት አጥፋ ትራሱን ከላይ አስቀመጠች። ወለሉንም ጠረገች። መጥረጊያውን ከየት እንዳገኘችው አላውቅም። ማረፊያው ውስጥ የምትሠራ ልጅ አለች። አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። አንሶላ ልትቀይር አንኳክታ ገባችና ቆማ ቀረች። ደነገጠች። «አልተመቻችሁም እንዴ? ምን አጠፋሁ?» አለች።

እናትሽ እጇን ይዛ አልጋው ላይ አስቀመጠቻት። «ምንም አላጠፋሽም» አለቻት። «የኔም ልጅ ጂዳ የሰው አልጋ ታነጥፋለች። ዛሬ አንቺ ተቀመጪ።»

ከዚያ ቡናው ተፈላ። ለካ ጀበናው ለዚህ ኖሯል። ልጅቷ አቦሉን፣ ቶናውን፣ በረካውን ሳትነሳ ጠጣች። እመቤቲቱም መጣች፣ አልተቆጣቻትም። ጭሱ በሾላው ቅጠል ውስጥ እየተጠማዘዘ ሲወጣ እስካሁን ይታየኛል።

ልጅቷ ፓስፖርት ልታወጣ ነው። ወዴት እንደሆነ አልጠየቅናትም፣ የታወቀ ነው። እናትሽ ሂጂም አትሂጂም አላለቻትም። ምን ብላ ትላታለች? ቤታችን የቆመው ባንቺ ነው። አንድ ነገር ግን ደጋግማ አስምላታለች። በደላላ እንዳትሄጂ፣ በበረሃ በእግር እንዳትሄጂ፣ በጀልባ ወደ የመን እንዳትሻገሪ። እኔም የማውቀውን ነገርኳት። በዚያ በረሃ መንገድ ዳር በቡድን በቡድን ሆነው በእግር የሚሄዱ የወሎ ልጆች አይቻለሁ። ውሃ ሰጥቻቸው አልፌያለሁ። የሰጠሁት አንድ ጀሪካን ነው። ስንቱ እንደደረሰ አላውቅም። ይሄን ላንቺም ነግሬሽ አላውቅም፣ እዚያ ሆነሽ እንዳትጨነቂ ብዬ። አንቺ በሕጋዊ መንገድ በአውሮፕላን በመሄድሽ ሌሊት ሌሊት ስንቴ እንዳመሰገንኩ አላህ ያውቃል።

ከሰዓት በኋላ እኔና እናትሽ ድንጋይ ላይ ተቀምጠን እግራችንን ውሃ ውስጥ ነከርን። ተረከዟ ተሰነጣጥቋል። ትናንሽ ዓሣዎች እየመጡ ይነካኳታል፣ እሷም ትስቃለች። እንዲህ ስትስቅ ከሰማሁ ቆይቻለሁ። ከዚያ ድንገት «ይሄ ውሃ እሷ ጋ ይደርሳል?» አለችኝ።

አንቺን ነው።

ሹፌር ስለሆንኩ መንገዱን ሁሉ አውቃለሁ ብላ ታምናለች። እኔም ልዋሻት አልፈለግኩም። ሚሌ አዋሽ ውስጥ ይገባል አልኳት። አዋሽ ግን ባሕር አይደርስም። በረሃውን አቋርጦ ጅቡቲ ድንበር ላይ አቤ ሐይቅ ይገባል፣ እዚያው ይቀራል። ቀይ ባሕር ከዚያ ወዲያ ነው። ከባሕሩ ማዶ ደግሞ ጂዳ። አሰብ ወደብ ላይ ቆሜ ማዶውን አይ እንደነበር ነገርኳት። ያኔ አንቺ አልተወለድሽም። ማዶ ምን እንዳለ ግድም አልነበረኝም።

«ትንሽ ነው የቀረው በለኛ» አለች። አዎ፣ ትንሽ ነው የቀረው አልኳት።

እሑድ ስንመለስ ሐይቅ ወርደን ዓሣ በላን። ሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳምን ከማዶ አሳየኋት። ሴት አይገባበትም፣ እኛም ከዳር ሆነን ነው ያየነው። ውሃው ሰማያዊ ሆኖ ተኝቷል። እናትሽ ግን አሁንም ስለ ሚሌ ነው የምታወራው። «ሐይቅ ድምፅ የለውም» አለችኝ።

ሒሳቡን ልንገርሽ። የአልጋው፣ የትራንስፖርቱ፣ የምግቡ ተከፍሎ ከላክሽው ላይ ተርፏል። እመቤቲቱ የዶሮውን አልቀበልም ብላ ብዙ ተግደረደረች፣ ለልጅቷ ስጪልኝ ብዬ አስያዝኳት። የተረፈው እናትሽ ጋ ነው። ቴሌቪዥኑ ድምፁ ይሰማል፣ ምስሉ ነው የሚንቀጠቀጠው። ይቆየን። ከእንግዲህ ስትልኪ መጀመሪያ ለራስሽ የወገብ ሐኪም ታዪበት። አደራ። ቀጣሪዎችሽ የዕረፍት ቀን ሲሰጡሽም ልብስ ስታጥቢ አትዋዪ። ተኚ፣ ልጄ። እናትሽ እስከ ሦስት ሰዓት ተኝታ ምንም አልጎደለም።

ውልሽ በግንቦት ያልቃል ብለሽኛል። ኢንሻአላህ ስትመጪ ክረምቱ ሳይገባ አንድ ቅዳሜ እንወስድሻለን። ሁለት ክፍል እይዛለሁ። ያንቺ ከወንዙ በኩል ያለችው፣ መስኮቷ ሾላው ላይ የሚከፈተው ናት። አይቻታለሁ፣ በሯ በደንብ ይዘጋል።

ደሴ ገብተን ዕቃ ስናወጣ ነጠላው ባዶ ነው። ጀበናው የለም። ረስተሽው መጣሽ? አልኳት። ያ ጀበና እናቷ የሰጠቻት መሆኑን ታውቂያለሽ።

«አልረሳሁትም» አለችኝ። «እዚያ አስቀምጪልኝ ብያታለሁ። ልጄ ስትመጣ እናፈላበታለን።»

አብሽሪ፣ የኔ እናት።

አባትሽ
ደሴ