ያመለጡሽ አራት ጨዋታዎች

ኮሎምበስ፣ ኦሃዮ
ጥር 15 ቀን 2017 ዓ.ም

ይድረስ ለውድ ልጄ፣

ለጤናሽ እንደምን ከርመሻል? እኔና እናትሽ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። የዘንድሮውን ብርድ ግን አልቻልነውም። እናትሽ ቤት ውስጥ ጋቢ ደርባ ነው የምትውለው።

ፖስታውን ስታዪ "አባዬን ምን ነካው?" ሳትዪ አትቀሪም። ለፈተናው ብለሽ ስልክሽን እንደዘጋሽ አክስትሽ ነገረችኝ። ደግ አደረግሽ። በእሷ በኩል መልእክት ልልክልሽ አስቤ ነበር፤ ግን ታውቂያታለሽ፣ አንዱን ሦስት አድርጋ ነው የምታደርሰው። ስለዚህ ወረቀትና እስክሪብቶ ገዛሁ። እጄ ከመኪና መሪ ሌላ ነገር መያዝ ረስቷል። ጽሕፈቴን ታገሺው።

ሌላም ነገር ነግራኛለች። ከኅዳር ጽዮን ወዲህ አንድም ጨዋታ አላየሽም። ቡድናችን ኦሃዮ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ዋንጫ መብላቱን መቼም ሰምተሻል። እንዴት እንደበላነው ግን ማንም እንዲያወራሽ አልፈቀድሽም አሉ። ይሄ ነገር ሁለት ቀን እንቅልፍ ነሳኝ።

ትዝ ይልሻል፣ ይሄን የአሜሪካ እግር ኳስ ያስተማርሽኝ የቡና ቁርሱን ቆሎ ይዘሽ ነው። አሥራ አንድ ሽንብራ ከወዲህ፣ አሥራ አንድ ገብስ ከወዲያ ረከቦቱ ላይ ደርድረሽ፣ "አባዬ፣ አራት ሙከራ አላቸው፣ አሥር ያርድ ካልሄዱ ኳሱን ይነጠቃሉ" ስትዪኝ ሳቅኩብሽ። የቅዱስ ጊዮርጊስ ደጋፊ ሆኜ ያደግኩ ሰው በእጅ የሚያዝን ነገር እግር ኳስ ብዬ ልጥራ? ከዚያ እኔው ራሴ ባሰብኝ። ቅዳሜ ቅዳሜ ስቴዲየሙ አካባቢ ሰው ሳመላልስ ውዬ፣ በቡና መጠጫ ሰዓቴ በማርፍበት የግሮሰሪ ፓርኪንግ ቆሜ እደውልልሻለሁ። "ከፍተሻል?" እልሻለሁ። አንቺ ዳላስ፣ እኔ መኪና ውስጥ፣ ስልኩን ድምፅ ማጉያ ላይ አድርገን።

የመጀመሪያዎቹን አሥራ አንዱን እንደዚያ ነው ያየናቸው። አክሮንን 52 ለ 6፣ ዌስተርን ሚሺጋንን 56 ለ 0። (ይሄኛውን "ኳስ ነው ወይስ ድብደባ?" ብዬሽ ነበር።) ኦሪገን ሄደን በአንድ ነጥብ ተሸነፍን፣ 32 ለ 31፤ ያኔ እንኳ አልከፋንም። ፔን ስቴትን ሜዳው ላይ 20 ለ 13። ሳይሸነፍ የመጣውን ኢንዲያናን 38 ለ 15። የኛን ቡድን ተጫዋቾች ለመሰብሰብና ለማቆየት 20 ሚሊዮን ዶላር ገደማ እንደወጣበት የዩኒቨርሲቲው የስፖርት ኃላፊ ራሱ ተናግሯል። "ተማሪዎች ናቸው እኮ አባዬ" ትዪኝ ነበር። እንዲህ ያለ ተማሪነት ለኔም በደረሰኝ።

ከዚያ ኅዳር 21 መጣ። ካምፓሱ ውስጥ የሚሺጋን መጀመሪያ የሆነችውን የኤም ፊደል ካለችበት ምልክት ሁሉ ላይ በቀይ ቴፕ ሰርዘዋታል። እኔ ከቤተ ክርስቲያን ወጥቼ ነጠላዬን የኋላ ወንበር ላይ ጥዬ ወደ ስቴዲየሙ ነዳሁ። ጨዋታው እኩለ ቀን ላይ ነው። ሚሺጋን በዚያ ዓመት ስድስት አሸንፎ አምስት የተሸነፈ ቡድን ነው፤ ማንም አልቆጠረውም። እኛ መቶ ሺህ ሰው ይዘን አሥር ነጥብ ብቻ አገባን። ሁለት ኳስ አስጠለፍን። መቺያችን ሁለት ቀላል ፊልድ ጎል፣ ያቺን በእግር ተመትታ ሦስት ነጥብ የምታስገኘውን፣ ሳተ። ሊያልቅ 45 ሴኮንድ ሲቀረው እነሱ መትተው 13 ለ 10። አራተኛ ዓመት በተከታታይ! ባንዲራቸውን መሀል ሜዳ ሊተክሉ ሲሉ ድብድብ ተነሣ፤ ፖሊስ በርበሬ እስከመርጨት ደረሰ።

ጨዋታው ካለቀ በኋላ መጀመሪያ የጫንኩት አንድ ሽማግሌና ልጁን ነው። ሁለቱም ቀይ ኮፍያ አድርገዋል። ሬዲዮው ስለ ጨዋታው ሲለፈልፍ ሽማግሌው ከኋላ "እባክህ ዝጋልን" አለኝ። ዘጋሁት። ከዚያ በኋላ ቤታቸው እስኪደርሱ ቃል አልተናገሩም። ከቀብር የሚመለስ ሰው እንኳ በመንገድ ላይ ስለ አየሩ ያወራል። ሲወርዱ ግን ሽማግሌው ኮፍያውን አወለቀና ልጁ ራስ ላይ፣ በልጁ ኮፍያ ላይ ደርቦ አደረገለት። ለምን እንደሆነ አልገባኝም።

ማታ አንቺ ደወልሽ። "አባዬ፣ ኤንክሌክሱን ወደቅሁ" አልሽኝ፤ የነርስነት ፈቃድ ፈተናውን።

ያልኩሽን መድገም አልፈልግም፤ ግን ካልጻፍኩት ይሄ ደብዳቤ ምን ይረባል? "ኳስ ላይ አፍጠሽ እየዋልሽ ምን ጠብቀሽ ነበር?" ነው ያልኩሽ። አንቺም "እሺ አባዬ" ብለሽ ዘጋሽ።

በየቅዳሜው "ከፍተሻል?" እያለ የሚደውለው ማን ነበር? ይሄን እናትሽ ናት ያለችኝ፤ ያውም ሳህን እያጠበች፣ ወደኔ ሳትዞር።

በዚያው ሳምንት ከተማው ሁሉ አሠልጣኙ ራያን ደይ ይባረር ይል ነበር። እኔም ብያለሁ፣ ለተሳፋሪ ሁሉ። ሰውዬው እስከዚያ ድረስ እዚህ 66 አሸንፎ የተሸነፈው አሥር ነበር። ግን አሥሩ ውስጥ አራቱ ሚሺጋን ነው፤ ለኮሎምበስ ሰው ሌላው ሂሳብ አይገባውም። አንቺ የሕፃናት ሆስፒታሉ ውስጥ ልምምድ ስትሠሪ የነገርሽኝ ትዝ አለኝ፤ አባቱን በልጅነቱ እንዳጣ፣ እሱና ሚስቱ እዚያ ለልጆች የአእምሮ ጤና ፈንድ እንዳቋቋሙ። እናትሽ በቴሌቪዥን ባየችው ቁጥር "ምስኪን፣ ከሳ እኮ" ትላለች።

አሁን ወዳላየሻቸው ልምጣ።

እንደ ድሮው አራት ቡድን ብቻ የሚያልፍ ቢሆን ኖሮ ነገሩ እዚያው ያበቃ ነበር። ዘንድሮ ግን ፕሌይኦፉ፣ ሻምፒዮኑ የሚለይበት ጥሎ ማለፍ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ አሥራ ሁለት ቡድን ሆነ። እኛ ስምንተኛ ሆነን ገባን። ታኅሣሥ 12 ማታ ቴነሲ እዚህ መጣ። ብርዱ ከዜሮ በታች ነው። ስቴዲየሙ ውስጥ የቴነሲዎች ብርቱካናማ ልብስ የሞላው የኛ ሰው ተቀይሞ ቲኬቱን ስለሸጠ ነው አሉ። ከሰዓት በኋላ የጫንኳቸው አራት የቴነሲ ልጆች መኪናዬን በዘፈን ሊገነጥሏት ነበር። በመጀመሪያው ሩብ ብቻ 21 ለ 0 መራን። 42 ለ 17 አለቀ። ማታም አራት የቴነሲ ሰዎች ጫንኩ፤ ሌሎች ናቸው፣ ግን ማሞቂያውን ጨምርልን ከማለት ሌላ ምንም አላሉም።

ለፈረንጅ አዲስ ዓመት ካሊፎርኒያ፣ ሮዝ ቦውል ስቴዲየም። ያው ኦሪገን። አሥራ ሦስት ተጫውቶ አሥራ ሦስቱንም ያሸነፈ፣ አንደኛ የተባለው። ጾም ስለነበር እናትሽ ሽሮ ሠርታ አቀረበች። ገና ሳንቆርስ የኛው ጄረማያ ስሚዝ አገባ። ልጁ 19 ዓመቱ ነው እኮ! ሽሮው ሳይቀዘቅዝ ልልሽ ፈልጌ ነበር፣ ማጋነን ይሆናል፤ ግን ሁለተኛው ሩብ ሳያልቅ 34 ለ 0 ነበር። መጨረሻው 41 ለ 21። ስልኬን አንስቼ ስምሽ ላይ ደረስኩና መልሼ አስቀመጥኩት።

ሦስተኛው ነው ያንገበገበኝ። አንቺ ያለሽበት ድረስ መጥተውልሽ ነበር! አርሊንግተን ከአክስትሽ ቤት ስንት ሰዓት ነው? ከቴክሳስ ጋር። 21 ለ 14 እየመራን ቴክሳሶች በራችን ላይ ደረሱ፤ አንድ ያርድ። እናትሽ ማየት አቅቷት ማድ ቤት ገባች። ወደ ኋላ ገፋናቸው። አራተኛውና የመጨረሻው ሙከራ ከስምንት ያርድ ሆነ። ጃክ ሶየር፣ የፒከሪንግተኑ ልጅ፣ የኛው ሰፈር ማለት ነው፣ ኳርተርባካቸውን፣ ኳሱን የሚወረውረውን ኩዊን ዩወርስን፣ ኳሱን አስጣለውና ራሱ ይዞት 83 ያርድ ሮጠ። ያን ግዙፍ ሰውነት ይዞ! ጉልበቱ ሊከዳው ሲል በቁሜ አብሬው ሮጥኩ፤ ሲኒ ሰብሬያለሁ። ሁለቱ ልጆች እኮ ዩወርስ እዚህ ሳለ የዶርም ጓደኛሞች ነበሩ። 28 ለ 14።

ፍጻሜው አትላንታ ነው፤ ጥር 12፣ ቃና ዘገሊላ። አገር ቤት ቢሆን የሚካኤልን ታቦት ሸኝተን የምንመለስበት ቀን። ኖትር ዳም የመጀመሪያውን ኳስ ዘጠኝ ደቂቃ ከምናምን ይዞ አገባ። ከዚያ እኛ 31 በተከታታይ። 31 ለ 7 ሲሆን ጎረቤቶቻችን መጨፈር ጀመሩ። እኔ ዝም አልኩ፤ ኅዳር 21 አስተምሮኛል። እውነትም መጡ። 31 ለ 15፣ ከዚያ 31 ለ 23።

አሁን የምጠይቅሽ ነገር አለ። ሦስተኛ ሙከራ ነው፣ አሥራ አንድ ያርድ ይቀራል፣ ሦስት ደቂቃ የማይሞላ ሰዓት ነው ያለው። ሜዳ ላይ ሮጠው ሰዓቱን መብላት ሲችሉ ኳርተርባካችን ዊል ሃዋርድ አንጋጦ ለስሚዝ ወረወረለት። 56 ያርድ! ከዚያ ፊልድ ጎሉን የመታው ማን ቢሆን ጥሩ ነው? ያ ሚሺጋን ላይ ሁለት የሳተው ልጅ። 34 ለ 23። በፈረንጅ አቆጣጠር ከ2014 ሲዝን ወዲህ የመጀመሪያው ዋንጫ።

ግን ለምን ወረወሩት? ቢሳት ኖሮስ? ተሳፋሪዎቼን ጠየቅኳቸው፤ ሁሉም "ጀግንነት ነው" ይሉኛል፣ እሱ መልስ አይደለም። ትናንት ረከቦቱ ላይ ሽንብራና ገብስ ደርድሬ እንደ አንቺ ላየው ሞከርኩ። ስሚዝን ጥግ ላይ አቆምኩት። እናትሽ ቡና ልትቀዳ መጥታ ኳርተርባኩን አንስታ በላችው።

ፈተናሽን ጨርሰሽ ስልክሽን ስትከፍቺ፣ ውጤቱ ሳይመጣ በፊት ደውዪልኝ። ቆሎውን አዘጋጅቼ እጠብቃለሁ። ያን ዕለት ጥፋቱ የኔ ነበር።

አባትሽ