የወፏ ክፍል ጣሪያ እንዲመለስ የቀረበ የድጋፍ ጥሪ

የተከበራችሁ የያቤሎና የአካባቢው ተወላጆች፣ በቅርብም በሩቅም ያላችሁ፤

በሚያዝያው ዝናብ የተነሣው ነፋስ፣ በአገራችን ብቻ ስለምትገኘው ወፍ የሚያስረዱ ሰሌዳዎች የሚታዩበትን የወፏን ክፍል ጣሪያ ገሽልጦ እንደወሰደው ሰምታችኋል። ግድግዳው ቆሟል። በእናንተው ገንዘብ የተሠሩት ሰሌዳዎች ግን በላስቲክ ተጠቅልለው በሰው ቤት ተቀምጠዋል። የሐገያ (የመጸው) ዝናብ ሳይደርስ ቆርቆሮ መምታት አለብን። ቃል ከገቡልን ብዙዎቹ የቁራ መልእክተኛ ሆነውብናል።

«ለጣሊያን መታሰቢያ ብር አናወጣም» ያላችሁም አላችሁ። መታሰቢያ አይደለም። ኤድጋርዶ ሞልቶኒ በ1896 (ዘመኑ ሁሉ እ.ኤ.አ. ነው) በጣሊያን ኦኔሊያ ተወልዶ በሚላን የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም ወፎችን ሲያጠና የኖረ ሰው ነው። በወረራው ዘመን ከቦረና የተወሰዱ ወፎች እጁ ገቡና በ1938 የኛዋን ወፍ አዲስ ዝርያ ብሎ ጻፈ። ሳይንሳዊ ስሟንም (ዛቫታሪዮርኒስ ሽትሬሰማኒ) ለቦረናው ጉዞ መሪ ለኤዶአርዶ ዛቫታሪና ለጀርመናዊው የወፍ ሊቅ ለኤርቪን ሽትሬሰማን መታሰቢያ አደረገው። በዚያው ዓመት ዛቫታሪ የፋሺስቱን ዘረኛ መግለጫ («የዘር መግለጫ» የተባለውን) ከፈረሙት አሥር ምሁራን አንዱ ሆነ። ይህንንም ሳንሸሽግ በሰሌዳው አስፍረነዋል፤ ልጆቻችን ስሟ ከየት እንደመጣ ከኛ ይስሙት። የሞልቶኒ ሙዚየም ራሱ በ1943 በቦምብ ተቃጥሎ ከጦርነቱ በኋላ እንደገና ተሠርቷል፤ የኛም ጣሪያ ይመለሳል።

ወፏ ከያቤሎ፣ ከመጋና ከአረሮ ዙሪያ ውጭ በዓለም የለችም። ዓይኗን የከበበው ሰማያዊ ቆዳና በግራር ላይ የምትሠራው የእሾህ ጎጆ ለእረኛ ሁሉ የታወቀ ነው። የቁራ ዘመድ ናት፤ ኤልያስን የመገበው ቁራ ነው፣ የአደምን ልጅ ወንድሙን መቅበር ያሳየውም ቁራ ነው። ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ድርሻ አለው።

ቀደም ሲል ስላዋጣችሁት ገንዘብ፦ ግድግዳው፣ የሲሚንቶው ወለልና ሰሌዳዎቹ በእሱ ተሠርተዋል። መስታወቱን «ቅንጦት» ያላችሁት፣ ሰሌዳዎቹን ከአቧራና ከምስጥ የጠበቀው እሱ ነው። አበል የወሰደ የኮሚቴ አባል የለም። ደረሰኞቹ በፋይል አሉ፤ መጥታችሁ እዩ።

ሂሳቡ ያው በኮሚቴው ስም የተከፈተው ነው፤ ቁጥሩ በቀድሞው ደረሰኝ ራስጌ ላይ አለ፣ አልተቀየረም። የሚወጣው በሦስት ሰው ፊርማ ብቻ ነው። የአንድ ቆርቆሮ ዋጋም ይበቃናል፤ ቆርቆሮውን በዓይነት የሚያመጣም ይመዘገባል።

ደግመን እንላለን፦ ቁጥሩ አልተቀየረም። በግል ስልክ ላኩ የሚላችሁ ሰው ከኛ አይደለም። ስታስገቡ «ለጣሪያ» ብላችሁ ጻፉ፣ ደረሰኙንም ለገንዘብ ያዣችን አሳዩ።

ኮሚቴው