ከሰማይ ይልቅ መሬቱን እንይ

ይድረስ ለአዘጋጁ፣

ከተሞች አደጋን እንዲቋቋሙ የጂኦስፓሻል ቴክኖሎጂ (የሳተላይት ምስል፣ ዲጂታል ካርታና ሌላ የቦታ መረጃ) ያግዛል የሚለው ወሬ አሁን በየስብሰባው ይሰማል። ያግዛል። በዚህ አልከራከርም፤ የምተዳደርበትም ሙያ ነው። የሚያናድደኝ ወሬው ሁሉ ስለ ሳተላይትና ስለ ትልልቅ ስክሪኖች መሆኑ ነው። ከሰማይ የሚመጣው ምስል ብዙም አልቸገረንም። የጎደለን መሬት ላይ ያለው መረጃ ነው።

ምስሉማ በነፃ ሞልቷል። የአሜሪካው የላንድሳት ሳተላይት ፕሮግራም ከእ.ኤ.አ. 2008 ጀምሮ የምስል ማኅደሩን ለማንም ከፍቷል። የአውሮፓዎቹ ሴንቲኔል ሳተላይቶችም እንደዚያው። ሴንቲኔል-1 በብርሃን ሳይሆን በራዳር ሞገድ ስለሚያይ ደመናም ጨለማም አያግደውም። ከባድ አደጋ ሲደርስ ደግሞ የጠፈር ድርጅቶች በመካከላቸው ባለ ዓለም አቀፍ ስምምነት (ቻርተር) መሠረት ለነፍስ አድን ሥራ ምስል ያለ ክፍያ ያቀርባሉ።

ጣጣው ከተማ ውስጥ ሲገባ ነው የሚጀምረው። ጎርፍን እንውሰድ። ሜዳ ላይ የተኛ ውሃ የራዳሩን ሞገድ ወደ ሌላ አቅጣጫ ያንሸራትተዋል፤ ስለዚህ ምስሉ ላይ ጥቁር ሆኖ ቁልጭ ብሎ ይታያል። በሕንፃዎች መካከል ያለ ውሃ ግን ሞገዱን ወደ ግድግዳ ይልከዋል፣ ግድግዳው ደግሞ ወደ ሳተላይቱ ያነጥረዋል። ያ ቦታ ይደምቃል እንጂ አይጠቁርም። ልምድ የሌለው ሰው ምስሉን አይቶ «እዚህስ ደህና ነው» ሊል ይችላል። እዚያ ያለው ሰው ግን እስከ ወገቡ ውሃ ውስጥ ቆሟል።

የከፍታ መረጃውም ከዚህ አይሻልም። በነፃ ከሚገኙትና በብዛት ከሚሠራባቸው የከፍታ ልኬቶች አንዱ እ.ኤ.አ. በ2000 የጠፈር መንኮራኩር በ11 ቀን የሰበሰበው ነው። አንዷ ነጥብ 30 ሜትር በ30 ሜትር የሚያህል ቦታ ትወክላለች። ራዳሩ መሬቱን ትቶ ጣሪያና የዛፍ ጫፍ የለካበት ቦታ ብዙ ነው፤ ስህተቱም በሜትር ይቆጠራል። ጎርፍ ደግሞ ቤት መግባት አለመግባቱን የሚወስነው ግማሽ ሜትር እንኳ በማይሞላ ልዩነት ነው። የበሩ ደፍ፣ የእግረኛ መንገዱ ጠርዝ፣ በቆሻሻ የተደፈነው ቱቦ፤ አንዱም ከጠፈር አይታይም።

በታንዛኒያ ዳሬሰላም የተሠራውን «ራማኒ ሁሪያ» የተባለ የጎርፍ ካርታ ሥራ የምወደው ለዚህ ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 ተጀመረ። የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችና የሰፈሩ ሰዎች አብረው ወጥተው ቦዩንም ቤቱንም መንገዱንም መዘገቡ። ካርታው ኦፕን ስትሪት ማፕ በሚባለው፣ ማንም በሚሳተፍበት የኢንተርኔት ካርታ ላይ ለሁሉም ክፍት ሆነ። ነዋሪ ደግሞ ከማንም በላይ ያውቃል። «ባለፈው ውሃው እስከ የት ደረሰ?» ሲሉት እጁን ጉልበቱ ላይ ያደርጋል፤ ወይም ግድግዳው ላይ የቀረውን የጭቃ መስመር ያሳያል። የቀረው ያንን በሜትር ለክቶ መመዝገብ ነው። በሄይቲ እ.ኤ.አ. በጥር 2010 የምድር መንቀጥቀጥ ጊዜም በጎ ፈቃደኞች ከሳተላይት ምስል ላይ የዋና ከተማዋን የፖርቶፕሪንስን መንገዶች በቀናት ውስጥ ሥለዋል። አንጀት የሚያርስ ሥራ ነበር። ግን ካርታው የተሠራው ሰዉ ፍርስራሽ ሥር እያለ ነው።

ካርታ መኖሩም ብቻውን አያድንም። እ.ኤ.አ. ጥቅምት 29 ቀን 2024 በስፔን ቫሌንሲያ ላይ የሆነውን ልብ ይሏል። ጎርፍ የሚያሰጋቸው ቦታዎች በይፋ ካርታ ላይ ቀድመው ተሰምረው ነበር። የአገሪቱ የአየር ትንበያ መሥሪያ ቤትም ቀይ ማስጠንቀቂያ ያወጣው ጠዋት ነው። በየሰዉ ስልክ የተላከው መልዕክት ግን የደረሰው ከምሽቱ 2 ሰዓት በኋላ፣ ብዙ መንገዶች ወንዝ ከሆኑ ወዲያ ነው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ። በዚያ ጎርፍ ከ220 በላይ ሰዎች ሞቱ። ያንቀላፋው ሳተላይቱ አልነበረም።

አንድ ነገር ሳልጠቅስ አላልፍም። የይዞታ ማረጋገጫ በሌላቸው ሰፈሮች ጂፒኤስ የያዘ ሰው ሲታይ መጀመሪያ የሚመጣው ሐሳብ «ሊያፈርሱብን ነው» የሚል ነው። ፍርሃቱ ከመሬት አልተነሳም። ከተማው መረጃውን ለየትኛው ዓላማ እንደሚሰበስብና ለየትኛው እንደማይጠቀምበት አስቀድሞ ካልተናገረ፣ በጎርፍ በጣም የሚጠቃው ሰው ራሱ በሩን ይዘጋል። ያኔ ካርታው ላይ ባዶ የሚቀረው በጣም የምንፈልገው ቦታ ይሆናል።

ጋዜጠኞቻችሁን አንድ ነገር ላስቸግር። አንድ ከተማ «ዘመናዊ ሥርዓት አስመረቅሁ» ሲል ሪባን ሲቆረጥ ፎቶ ማንሳቱ ይቅርና ይጠይቁልን። የቦዮቹ መረጃ መጨረሻ የታደሰው መቼ ነው? የውሃው መሥሪያ ቤት፣ የመንገዱና የእሳት አደጋው አንድ ካርታ ነው የሚያዩት ወይስ ሁሉም የየራሱን ቆልፎ ይዟል? ውሃው ከተሰመረው ልክ ሲያልፍ፣ ሌሊት ተረኛ የሆነው ሠራተኛ በራሱ ሥልጣን ማስጠንቀቂያ መልቀቅ ይችላል ወይስ አለቃው እስኪነቃ ይጠብቃል?

የዘወትር አንባቢያችሁ