ክሎዝ አፕ ፊልተርን አታስጥሉን

ለጋዜጣው አዘጋጅ፣

እንደምን ሰነበታችሁ። ባለፈው የፎቶ አምዳችሁ ላይ ማክሮ፣ ማለትም ትንንሽ ነገር በጣም አጉልቶ ማንሳት የፈለገ ሰው የግድ ማክሮ ሌንስ ይግዛ፣ ሌንስ ፊት ላይ የሚገጠመው ክሎዝ አፕ ፊልተር መጫወቻ ነው የሚል ነገር አንብቤ በጣም ከነከነኝ። በዚህ ነገር ብዙ አመት ስለቆየሁ ዝም ማለት አልቻልኩም፣ ይሄን አንብቦ ስንቱ ጀማሪ በቃ ለኔ አይሆንም ብሎ እንደሚተወው አስቡት እስቲ።

የሚያሳስተው ስሙ ይመስለኛል። ፊልተር ይባል እንጂ የሚያጣራው ነገር የለም፣ ራሱን የቻለ ሌንስ ነው፣ ለካሜራው የማንበቢያ መነጽር እንደማድረግ በሉት። ቁጥሩም እንደ መነጽር በዳዮፕተር፣ በጉልበቱ መለኪያ ነው፣ 1000ን ለቁጥሩ ስታካፍሉ የራሱ ፎካል ሌንግዝ (ከሩቅ የመጣን ብርሃን አንድ ነጥብ ላይ የሚሰበስብበት ርቀት) በሚሊሜትር ይወጣላችኋል፣ ፕላስ 2 ከሆነ 500፣ ፕላስ 4 ከሆነ 250። ዋናው ሌንስ ፎከሱ መጨረሻው ሩቅ ላይ ከሆነ ደግሞ የምታነሱት ነገር ከፕላስ 4ቱ 25 ሴንቲሜትር ላይ መሆን አለበት፣ ከዛ ከራቀ ምንም ብታደርጉ አይጠራም። ብዙ ሰው ገጥሞት ከአንድ ሜትር ላይ አበባ ሊያነሳ ይሞክርና ሲደበዝዝበት እቃው የማይረባ ነው ይላል፣ እኔም መጀመሪያ እንደዛ ብዬ አንድ አመት ሙሉ ኪስ ውስጥ አስቀምጬው ነበር።

አምዱ ጨርሶ ያላነሳው ዋናው ጉዳይ ግን የትኛው ሌንስ ላይ ትገጥሙታላችሁ የሚለው ነው። የሌንሱን ፎካል ሌንግዝ ለፊልተሩ ፎካል ሌንግዝ አካፍሉት፣ ማጉላቱ እሱ ነው። ፕላስ 4ቱ 50 ሚሊሜትር ሌንስ ላይ 0.2 ብቻ ይሰጣችኋል፣ 12 ሚሊሜትር የምትሆን ንብ ካሜራው ውስጥ ምስሉ የሚያርፍበት ሴንሰር ላይ 2 ሚሊሜትር ተኩል እንኳ አትሞላም። ያንኑ መስታወት ነቅላችሁ 200 ሚሊሜትር ዙም ላይ ስታደርጉት 0.8 ይሆናል፣ ንቧ ወደ 10 ሚሊሜትር ትጠጋለች፣ ርቀታችሁ ግን ያው 25 ሴንቲሜትር ስለሆነ አትበረግግም። አራት እጥፍ ልዩነት እኮ ነው! ሰው 50 ላይ ሞክሮ ነው የሚጠላው። እሱ ላይማ በካሜራውና በሌንሱ መሀል የሚገባው ባዶ ቀለበት፣ ኤክስቴንሽን ቲዩብ ይሻላል፣ 25 ሚሊሜትር ቲዩብ 50 ላይ 0.5 ማጉላት ይጨምራል፣ 200 ላይ ግን 0.125 ብቻ። ቲዩብ ብርሃንም ይበላል፣ ክሎዝ አፑ ግን አይበላም ማለት ይቻላል።

ጥራቱ ላይ የተጻፈው በከፊል እውነት ነው። ባለ አንድ መስታወቱ ርካሹ አይነት ዳር ዳሩን ያደበዝዛል፣ ብርሃንና ጥላ የሚገናኙበት ጠርዝ ላይም ሐምራዊ ቀለም ያወጣል፣ በተለይ ሦስት ፊልተር ደርድሮ ለሚገጥም ሰው፣ ስለዚህ ከሁለት ባይበልጥ፣ ጠንካራው ቁጥር ወደ ሌንሱ ቢሆን፣ አፐርቸሩም (የሌንሱ ብርሃን ማስገቢያ ቀዳዳ) ጠበብ ብሎ ኤፍ 8 ወይ ኤፍ 11 ላይ ቢሆን ጥሩ ነው። ግን ከአንድ በላይ መስታወት ተጣምሮ የሚሠራ አክሮማት የሚባል አይነትም አለ፣ ካኖን 500ዲ የሚባለው ክሎዝ አፕ ፕላስ 2 ነው፣ ሬይኖክስ 250 ደግሞ ፕላስ 8፣ እነዚህን መጫወቻ ማለት ልክ አይደለም። ቴምብርና ሳንቲም የመሰለ ጠፍጣፋ ነገር ከዳር እስከ ዳር ጥርት እንዲል ለሚፈልግ ማክሮ ሌንስ ይበልጣል፣ እዚህ ላይ አልከራከርም። ለነፍሳት ግን ዳሩ ድሮም ብዥ ያለ ነው፣ በዚህ ማጉላት ኤፍ 8 ላይ የሚጠራው ከ1 ሚሊሜትር ብዙም አይዘልም። አውቶፎከሱን አጥፍታችሁ ራሳችሁ ወደፊት ወደኋላ ትንሽ ትንሽ እያላችሁ የንቧ ዓይን ጥርት ሲል መጫን ነው።

እባካችሁ ለሚቀጥለው አምድ ጸሐፊው አንድ ጥሩ አክሮማት 200 ሚሊሜትር ላይ ገጥሞ ያንሳና ከማክሮ ሌንሱ ፎቶ ጎን ለጎን አትሙልን፣ አንባቢው ራሱ አይቶ ይወስን።

የዘወትር አንባቢያችሁ