ግልጽ ደብዳቤ፦ የቢሮዎ ኮምፒውተር ከአሜሪካ አውሮፕላን ጋር ምን አገናኘው?

በባህር ዳር ከተማ የአንድ መንግሥታዊ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ ለሆኑት

ጉዳዩ፦ በርዎ ላይ ስለለጠፉት ማስታወቂያ

ክቡር ኃላፊ፣

ስምዎን አልጠራም፤ የመሥሪያ ቤትዎንም አልጠራም። ማስታወቂያው በእርስዎ ማኅተም የተለጠፈ ስለሆነ ራስዎን ለማወቅ አይቸገሩም። እኔንም ያውቁኛል። ከግቢዎ አጥር ማዶ ያለችው ኮፒ ቤት ባለቤት ነኝ፤ የፕሪንተርዎ ቀለም ባለቀ ቁጥር፣ ማለትም ሁልጊዜ፣ ሠራተኞችዎ ባለጉዳይ የሚልኩባት ኮፒ ቤት። አክስቴ ቢሮዎ ውስጥ የደረሰባትን በቃል ነግሬዎታለሁ። በጽሑፍም አስገብቻለሁ፤ መዝገብ ቤትዎ ተቀብሎ ቁጥር ሰጥቶታል። «እናየዋለን» አሉኝ። ዓመት አለፈው። እርስዎ ካላዩት ሌላ ሰው ይየው ብዬ አደባባይ አወጣሁት።

ማስታወቂያዎ እንዲህ ይላል፦ «ዊንዶውስ 10 በዓለም አቀፍ ደረጃ ስለተቋረጠ አገልግሎታችን ለጊዜው ተቋርጧል። ከውጭ ኮፒ ቤቶች በሚመጡ ፍላሾች ምክንያት ኮምፒውተሮቻችን በቫይረስ እየተጠቁ ስለሆነ ከዛሬ ጀምሮ ፍላሽ የማንቀበል መሆኑን እናሳውቃለን።»

ሁለት ዓረፍተ ነገር ነው፤ ሁለቱም ሐሰት ናቸው። እውነተኛው ማኅተሙ ብቻ ነው።

ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠውን ነፃ ድጋፍ ያቆመው ጥቅምት 4 ቀን 2018 ነው፤ እሱ ልክ ነው። ድጋፉ ቆመ ማለት ግን ኮምፒውተሩ ቆመ ማለት አይደለም። በማግሥቱ ጠዋት ማብሪያውን ሲጫኑት ይበራል፣ ዎርዱ ይከፈታል፣ ኤክሴሉ ይከፈታል። የሚቀረው በየወሩ ይመጣ የነበረው የደህንነት አፕዴት ነው፤ እሱንም ቢሆን መሥሪያ ቤቶች እየከፈሉ እስከ ሦስት ዓመት የሚያራዝሙበት መንገድ አለ። ቀኑ ድንገት ዱብ ያለ አይደለም። ከዓመታት በፊት ተነግሮ ያደረ ነው። በየሐምሌው በጀት ሲጸድቅልዎ ይህ ቀን እየቀረበ መሆኑን የሚነግርዎት አንድ ሰው አልነበረም? ነው ወይስ ተነግሮዎት «እናየዋለን» አሉት?

ደግሞስ 3ኛው መስኮት ላይ ያለው ኮምፒውተር መቼ ዊንዶውስ 10 ሆኖ ያውቃል? ዊንዶውስ 7 ነው። የእሱ ድጋፍ ያበቃው ጥር 5 ቀን 2012 ነው፤ ጥምቀት ሊገባ ቀናት ሲቀሩት። አንዳንድ ቀን ስክሪኑ ጥቁር ይሆንና በቀኝ በኩል ታች «ይህ የዊንዶውስ ቅጂ እውነተኛ አይደለም» የሚል የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ብቅ ይላል። ወረፋ የሚጠብቅ ሰው ሁሉ ያነበዋል። ከመስኮቱ በስተጀርባ ያለው ሰው ብቻ ነው የማያነበው።

አሁን ወደ አክስቴ ጉዳይ ልመለስ፤ ደብዳቤዬን ከፍተው ቢሆን ኖሮ አንብበውት ነበር።

ሐምሌ 12 ቀን 2016 ዓርብ ነበር። አክስቴ ከዘጌ በማለዳ ጀልባ ተሻግራ መጣች። ክረምት ነው፤ ጣና ሲናወጥ ጀልባዋ ውኃ እየረጨች ስለምትመጣ ነጠላዋ እስከ ትከሻዋ ርሶ ነበር። ሰነዶቿን በፌስታል ሁለቴ ጠቅልላ ብብቷ ሥር ይዛቸዋለች፤ እነሱ አልራሱም። የምትፈልገው አንድ ማስረጃ ማሳደስ ነው። ወረፋ ያዘች። ከቀትር በኋላ ተራዋ ሲደርስ ሠራተኛው ቀና ብሎ «እማማ፣ ዛሬ ሲስተም የለም። የእኛ ብቻ አይደለም፤ ዓለም አቀፍ ችግር ነው። የአሜሪካ አውሮፕላን ሁሉ ቆሟል። ሰኞ ይመለሱ» አላት።

አክስቴ ወደ እኔ መጥታ ወንበር ላይ ዘፍ አለችና «አንተ፣ የአሜሪካ አውሮፕላን በእኔ ወረቀት ምን አገባው?» አለችኝ። ያን ዕለት መልስ አልነበረኝም። በኋላ ግን አጣራሁ፤ መልሱም እነሆ።

በዚያ ቀን ክራውድስትራይክ የሚባል የደህንነት ኩባንያ ፋልከን ለሚባለው ሶፍትዌሩ የተበላሸ አፕዴት ላከ። ያን ሶፍትዌር የጫኑ የዊንዶውስ ኮምፒውተሮች ሰማያዊ ስክሪን ላይ ተገትረው ቀሩ። ማይክሮሶፍት እንደገመተው ቁጥራቸው 8.5 ሚሊዮን ያህል ነበር፤ በዓለም ላይ ካሉት የዊንዶውስ ኮምፒውተሮች አንድ በመቶ እንኳ አይሞሉም። ችግሩ የገነነው የተመቱት አየር መንገዶች፣ ባንኮችና ሆስፒታሎች ስለነበሩ ነው። ፋልከንን ገንዘብ ከፍለው የሚገዙት እንደነሱ ያሉ ትልልቅ ድርጅቶች ናቸውና። የእርስዎ ጽሕፈት ቤት የፕሪንተር ቀለም መግዣ ያጣ ጽሕፈት ቤት ነው። ፋልከን የለውም፤ ኖሮትም አያውቅም።

እሺ፣ ይኑረው እንበል። የተበላሸው አፕዴት የተለቀቀው በእኛ ሰዓት ከጠዋቱ 1 ሰዓት ከ9 ደቂቃ ላይ ነው። ኩባንያው ነቅቶ የመለሰው 2 ሰዓት ከ27 ላይ ነው። ከዚያ በኋላ የበራ ኮምፒውተር አልተነካም። የእርስዎ በር የሚከፈተው 2 ሰዓት ተኩል ነው፤ በሰዓቱ በሚከፈትበት ቀን። ማታ ማታ ደግሞ ዘበኛው በትእዛዝዎ የመብራቱን ዋና ማጥፊያ አውርዶ ያድራል። ስለዚህ በዚያች ከአንድ ሰዓት ትንሽ በምትበልጥ ጊዜ ውስጥ የዓለም ኮምፒውተር ሲርገፈገፍ የእርስዎዎቹ ጨለማ ውስጥ በሰላም ተኝተው ነበር። ከእነሱ በላይ ደህና የነበረ የለም። አክስቴን ግን በአሜሪካ አውሮፕላን አሳብበው መለሷት።

ሰኞ ተመለሰች። ከተማ ውስጥ ማረፊያ ስለሌላት ሦስቱን ሌሊት እኔ ቤት አደረች። ሰኞ የተነገራት ሌላ ነው፦ «ፋይልዎ ጠፍቷል፤ ሰነዱን እንደገና አሟልተው፣ የአገልግሎት ክፍያውን ከፍለው ያምጡ።» ከፈለች። ደረሰኙ እጄ ላይ ነው። ለዚያው ጉዳይ አስቀድማ የከፈለችበት ደረሰኝም እጄ ላይ ነው።

ፋይሉ እንዴት እንደጠፋ እኔ አውቃለሁ። የአይሲቲ ባለሙያዎ ዊንዶውስ የሚጭንበት ፍላሽ ሊዋስ የመጣው እኔው ጋ ነዋ! አዎ፣ ያቺው ፍላሿን አንቀበልም ያሏት ኮፒ ቤት። «ምን ሆኖ ነው?» ስለው «3ኛው መስኮት በቫይረስ ተጨማልቋል፣ ፎርማት ላደርገው ነው» አለኝ። ፎርማት ያለውን ሁሉ ይጠርጋልና «ባክአፕ፣ ማለትም የፋይሎቹን ቅጂ፣ ወስደሃል?» አልኩት። «ኧረ ምንም የለበትም» አለኝ። ምንም የለበትም! የአክስቴና የማን የማን ፋይል ነበረበት። ልጁን አልወቅሰውም፤ ባክአፕ የሚያደርግበት ሃርድ ዲስክ ጠይቆ ግዢ ክፍል ላይ የቀረበት እሱ ነው። የሚወቀሰው የፈረመ ወይም ያልፈረመ ሰው ነው።

ቫይረሱስ ከየት መጣ? ክቡርነትዎ፣ ይህን በደንብ ያንብቡልኝ፤ ማስታወቂያዎ የሰደበው እኔን ነውና። ኮምፒውተሮችዎ ላይ የተጫነው ዊንዶውስ ያልተገዛ ነው። ያልተገዛውን ዊንዶውስ ለማንቃት አክቲቬተር ይጫናል። አክቲቬተሩ እንዳይታወቅበት መጀመሪያ ጸረ ቫይረሱን አጥፉ ይላል፤ ይጠፋል። ከዚያ አፕዴት ሲመጣ አክቲቬተሩን ስለሚያበላሸው አፕዴቱም ይዘጋል። ከዚያ በኋላ ያ ኮምፒውተር በሩም መስኮቱም የተከፈተ ቤት ነው፤ ማንም ይግባ ማንም ይውጣ። አፕዴቱ ባልተዘጋባቸውም ላይ ቢሆን ሌሊት እንዳይጨርስ ዘበኛው መብራት ያጠፋበታል፤ ስለዚህ ወረፋው በሞላበት በ4 ሰዓት ይጀምራል፣ አንዱ ሠራተኛ ተበሳጭቶ ሶኬቱን ይነቅለዋል፣ ኮምፒውተሩም ግማሽ ላይ ይቀራል። ይህንንም «ሲስተም የለም» ይሉታል።

በዚህ የተጎዳ ቢሮ የእርስዎ የመጀመሪያው አይደለም። ዋናክራይ የሚባለው፣ ፋይል ቆልፎ ገንዘብ የሚጠይቅ ቫይረስ ግንቦት 4 ቀን 2009 ተነሥቶ ከ150 በላይ አገሮችን ሲያዳርስና የእንግሊዝ ሆስፒታሎች ሕሙማንን እስከ መመለስ ሲደርሱ፣ ማይክሮሶፍት ቀዳዳውን የሚደፍነውን አፕዴት ካወጣ ሁለት ወር ሊሞላው ነበር። ከመጋቢት 5 ጀምሮ በነፃ ተቀምጦ ይጠብቅ ነበር። ከተያዙት ኮምፒውተሮች አብዛኞቹ አፕዴቱን ያልጫኑ ዊንዶውስ 7 ነበሩ። 3ኛውን መስኮት ያስታውሱልኝ።

ኢንተርኔት አልነበረም እንዳይሉኝ። ከ2015 ሐምሌ መጨረሻ ጀምሮ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተዘግቶ እንደነበር የማያውቅ የለም፤ ያኔ ሁላችንም ተቸግረናል፤ ያኔ ቢሉኝ አፌን እዘጋ ነበር። ዛሬ ግን ቢሮዎ መስመር አለው። ሠራተኞችዎ ምሳ ሰዓት ላይ ቲክቶክ የሚያዩበት ድምፅ እስከ እኔ ቤት ይሰማል።

ስለ ፍላሹ። ባለጉዳይ ከእርስዎ መስኮት ፎርም ይቀዳና እንዳትምለት ወደ እኔ ይመጣል። ፍላሹን ስሰካው ፎልደሮቹ የሉም፤ በቦታቸው ቀስት ያለባቸው ሾርትከቶች ተደርድረዋል። እውነተኛዎቹ ፎልደሮች ተደብቀዋል። ያን ሾርትከት የጫነ ሰው ቫይረሱን በገዛ እጁ ያስነሳዋል። እኔ ሳልከፍት አጸዳዋለሁ፣ የተደበቀውን አወጣለሁ፣ አትሜ እሰጠዋለሁ። ለማጽዳቱ አላስከፍልም። ሰውየው ማኅተም ለማስመታት ይመለሳል፤ ሠራተኛው «እስቲ ሶፍት ኮፒውን» ብሎ ፍላሹን ተቀብሎ ይሰካዋል፤ ሰውየው ተመልሶ ሲመጣ ያው ቀስት፣ ያው ሾርትከት። አንድ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ የመመረቂያ ጽሑፉ ያለበትን ፍላሽ ሰጥቶ እንዲህ ሆኖ ሲመለስለት እያለቀሰ መጥቷል። ጽሑፉን አወጣሁለት። እምቦጭ ጣናን ሲወርር ጥፋቱን በዓሣ አጥማጁ ላይ ያላከከ ሰው አላየሁም፤ እርስዎ ግን ይህን አደረጉ።

ከዚህ የሚብሰውን ባልነካው ደስ ይለኝ ነበር። ሠራተኞችዎ የባለጉዳይ መታወቂያ፣ የፋይዳ ካርድና የቤት ሰነድ «ፎቶ አንሥተው በቴሌግራሜ ይላኩልኝ» ይላሉ፤ በግል ስልካቸው። ያው ቴሌግራም የቢሮው ኮምፒውተር ላይ ቀኑን ሙሉ ተከፍቶ ይውላል። የኮምፒውተሩ ፓስዎርድ ደግሞ በፕላስተር ላይ ተጽፎ ከስክሪኑ ሥር ተለጥፏል፤ ከወረፋው ይነበባል። ምን እንደሚል እዚህ አልጽፈውም። እርስዎ ያልጠበቁትን እኔ እጠብቅልዎታለሁ።

የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የሰውን መረጃ የያዘ መሥሪያ ቤት ከመጥፋትና ከመሰረቅ እንዲጠብቀው ያስገድዳል፤ የመንግሥት ቢሮ ነኝ ማለት ከዚህ አያወጣም። ይህን ለእርስዎ መንገር ለቄስ ሃሌ ሉያ ማስተማር እንደሚሆን አውቃለሁ። ግን የጠፋው የአክስቴ ፋይል ስለመጥፋቱ ማን በጽሑፍ አሳወቃት? «ጠፍቷል፣ ይክፈሉ» ነው የተባለችው። ንብረት በአደራ ተቀብሎ የጣለ ሰው ባለንብረቱን የሚያስከፍለው በየትኛው መመሪያ ነው? ቁጥሩን ይንገሩኝና እኔም ግድግዳዬ ላይ ልለጥፈው።

የምጠይቀው ብዙ አይደለም። ማስታወቂያውን ያንሱ፤ በተለይ ሁለተኛውን ዓረፍተ ነገር፣ በእሱ የተነሳ ደንበኞቼ በአጥሩ ማዶ አልፈው ይሄዳሉና። አክስቴ ሁለተኛ ጊዜ የከፈለችውን ገንዘብ ይመልሱላት። ዘበኛው በሳምንት አንድ ሌሊት መብራቱን ይተወው። ለባለሙያዎ አንድ ሃርድ ዲስክ ይግዙለት። ዊንዶውሱን በሕጋዊ መንገድ መግዛት ካልቻላችሁ እንደ ኡቡንቱ ያለ ዊንዶውስን የሚተካ ነፃ ሥርዓት አለ፤ ዎርድና ኤክሴልን የሚተካ ፕሮግራም አብሮት ይመጣል፣ አክቲቬተር አይፈልግም፣ አፕዴቱም አይዘጋም። ጫንልን ካሉኝ እጭናለሁ። ባለሙያዎ ፍላሿን ስላልመለሰልኝ መጀመሪያ እሷን ይላኩልኝ።

የሁለቱን ደረሰኞች ኮፒ አባሪ አድርጌያለሁ። ፍላሽ ስለማትቀበሉ በወረቀት ነው ያስገባሁት።

ከሰላምታ ጋር
ከአጥር ማዶ ያለችው ኮፒ ቤት ባለቤት፣ ባህር ዳር

ግልባጭ፦
ለመዝገብ ቤትዎ (የቀድሞው ደብዳቤዬ ካለበት ጎን እንዲቀመጥ)
3ኛ መስኮት ወረፋ ይዞ ላለ ሁሉ