የረጋውን ማር እንዳትጥይው

ይድረስ ለውድ ልጄ፣

እንዴት ሰነበትሽ? ማሙሽስ ብርዱን ቻለው? ትናንት «እማዬ፣ የላክሽው ማር ስኳር አለበት፤ ጠርሙሱ ውስጥ አሸዋ ሆኗል» ብለሽኝ መልሴን ሳልጨርስ ስልኩ ተቋረጠ። እባክሽ እንዳትጥይው።

ማሩ ንጹሕ ነው። ኅዳር ላይ ከቀፎው ሲቆረጥ እዚያው ቆሜ አይቻለሁ። ንቦቹ የቀሰሙት ከመጭ አበባ ነው፤ የመጭ ማር ደግሞ ቶሎ ይረጋል። ማር ውስጥ ግሉኮስና ፍሩክቶስ የሚባሉ ስኳሮች አሉ። ግሉኮሱ ሲበዛ ማሩ አሟሙቶ ሊይዘው ስለማይችል ቅንጣት እየሠራ ይረጋል። ብርድ ሲያገኘው ይብስበታል፤ በተለይ 14 ዲግሪ አካባቢ። የደብረ ብርሃን ቤትሽ ሌሊት ሌሊት ምን ያህል እንደሚቀዘቅዝ አንቺው ታውቂዋለሽ። የትግራይን ነጭ ማር አስቢው፤ ሰው የሚወደው እንደ ቅቤ ረግቶ አይደል?

እኔም በአንቺ ዕድሜ ተሳስቻለሁ። ማር የሚያመጡልንን አንድ ሽማግሌ፣ ማሩ ስለረጋብኝ ብቻ፣ በገበያ መሃል «ስኳር ቀላቅለው ሸጡልኝ» ብዬ ተናገርኳቸው። ቃል ሳይመልሱ ሄዱ፤ ከዚያ ወዲያ ደጃችንን አልረገጡም። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። ስኳር የገባበትም ያልገባበትም ማር ሊረጋ ይችላል፤ መርጋቱ ብቻውን ምንም አይመሰክርም።

ለማቅለጥ ክዳኑን ላላ አድርጊና ጠርሙሱን እጅሽ በሚችለው ሙቅ ውኃ ውስጥ አቁሚው፤ 40 ዲግሪ ይበቃዋል። ውኃው ሲቀዘቅዝ ቀይሪለት፣ አትቸኩዪ። እሳት ላይ እንዳትጥጂው፤ ይጠቁርና ያ የአበባ ሽታው ይጠፋል።

ማር የሚበላሸው በውኃ ነው። እርጥብ ማንኪያ ከገባበት ወይም ክዳኑ ተከፍቶ ካደረ እርጥበት ይስብና መፍላት ይጀምራል። ጠጅ ስንጥል እኮ የምናደርገው ይህንኑ ነው፤ በውኃ እናቀጥነዋለን። አረፋ ካወጣና ኮምጠጥ ካለ ፈልቷል ማለት ነው። ደረቅ ማንኪያ፣ በደንብ የሚገጥም ክዳን፣ ጨለም ያለ ቁምሳጥን ይበቃዋል። ፍሪጅ አያስፈልገውም። ከበርበሬና ከነጭ ሽንኩርት ግን አርቂው፤ ሽታ ይይዛል።

ለማሙሽ ልደት ብለሽ የሞከርሽው ኬክ ላዩ አሮ ውስጡ ጥሬ የሆነብሽ ማሩን በስኳሩ ልክ ስላደረግሽው ይመስለኛል። ማር ከስኳር ይጣፍጣል፣ ውኃም አለው፣ ቶሎም ይጠቁራል። በአንድ ኩባያ ስኳር ፈንታ ሦስት አራተኛ ኩባያ ማር አድርጊ። ከወተቱ ሦስት የሾርባ ማንኪያ ቀንሺ። ማር አሲድነት ስላለው ሩብ የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ ጨምሪበት። ኦቨኑን ከ180 ወደ 165 ዲግሪ አውርጂውና ትንሽ ረዘም ላለ ጊዜ አቆዪው። ኩባያውን አስቀድመሽ ዘይት ቀቢው፣ ማሩ ሳይጣበቅ ሙልጭ ብሎ ይወርድልሻል። የማር ኬክ በማግስቱ ይበልጥ ስለሚለሰልስ ከልደቱ በዓል አንድ ቀን ቀድመሽ ጋግሪው። ለድፎ ዳቦሽ አንድ ማንኪያ ብቻ ሊጡ ውስጥ ጣል አድርጊ፤ ለእርሾው ምግብ ይሆነዋል።

አንድ ነገር ግን አጥብቄ እለምንሻለሁ። ማሙሽ አንድ ዓመት ሳይሞላው ማር በጣት እንኳ እንዳታልሺው፤ የሙከራውን ኬክም እንዳታቀምሺው። ማር ውስጥ አንዳንዴ ቦቱሊዝም የሚባለውን በሽታ የሚያመጣ ለዓይን የማይታይ የጀርም ዘር ይኖራል። እኛን ምንም አያደርገንም፤ የሕፃን አንጀት ውስጥ ግን ያድግና ጡንቻ የሚያዝል መርዝ ያወጣል። የኦቨን ሙቀትም አይገድለውም። ጎረቤት «ለጉሮሮው ጥሩ ነው» ብትልሽም እንቢ በያት።

ለልደቱ ሁለት ቀን ሲቀረው እመጣለሁ፤ ሌላ ማር ይዤ። ባዶ ጠርሙስ አጥበሽ ፀሐይ ላይ አስጪው፤ ደህና አድርጎ ደርቆ ይጠብቀኝ።

እናትሽ